ጠላት ተብሎ የኖረው ጎረቤት፦ ማግኔታዊ ሥርዓትና ልዕለ አስተላላፊነት በኒኬል ኦክሳይዶች

በአዊ ዞን፣ ከእንጅባራ እስከ ዳንግላ በሚዘልቀው ደጋ፣ ዘንገናና ጥርባ የተባሉትን ሐይቆች ያቀፉት ጉድጓዶች የጥንት እሳተ ገሞራ አፎች ሲሆኑ፣ በአካባቢው ለአጥርና ለቤት መሠረት የሚለቀመው ጥቁር ድንጋይም ከምድር ውስጥ ቀልጦ የወጣ ባዛልት ነው። ይህ ድንጋይ በውስጡ ማግኔታይት የሚባል የብረትና የኦክስጅን ውሁድ በጥቃቅን ቅንጣት መልክ ተበትኖበታል፤ ከ1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ግሎ የወጣው ዐለት ቀዝቅዞ ከ580 ዲግሪ ገደማ በታች ሲወርድ፣ በማግኔታይቱ ውስጥ ያሉት የብረት አቶሞች፣ እያንዳንዳቸው እንደ ትንሽ ማግኔት ሆነው፣ በሥርዓት ይሰለፋሉ፣ ሰልፋቸውም በዚያን ዘመን የነበረውን የመሬት መግነጢሳዊ መስክ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። የኢትዮጵያን ደጋ የገነቡትንና 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠሩትን የባዛልት ንብርብሮች፣ በተለይም በሊማሊሞ ገደል ተራ በተራ የሚታዩትን የመረመሩ የሥነ ምድር ተመራማሪዎች፣ የመሬት መግነጢስ ሰሜንና ደቡቡን የተለዋወጠባቸውን ዘመናት ያነበቡት ከዚሁ ሰልፍ ነው።

እንዲህ ያለው የአቶሞች ሰልፍ በፊዚክስ ማግኔታዊ ሥርዓት ይባላል። ሥርዓቱ የሚጸናው ለየቁሱ ከተወሰነ የሙቀት ደረጃ በታች ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ግን ሙቀት የሚፈጥረው መናወጥ ሰልፉን ይበትነዋል። ከብረት ይልቅ ኒኬል ከኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ፣ ላንታነም ወይም ኒዮዲሚየም የተባሉት ንጥረ ነገሮች ተጨምረውበት፣ አቶሞቹ በቀጫጭን ንጣፎች ተነባብረው ሲቀመጡ የሚገኙት ውሁዶች ኒኬሌት ይባላሉ፤ እነዚህ ውሁዶች ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ የዓለምን የቁሳቁስ ፊዚክስ ሊቃውንት ትኩረት የሳቡት፣ አንዳንዶቹ ኤሌክትሪክን ያለ አንዳች እንቅፋት የሚያሳልፉ ሆነው ስለተገኙና፣ ለምን እንዲህ እንደሚሆኑ ለመረዳት የሚደረገው ፍለጋ ሁሉ ዞሮ ዞሮ በውስጣቸው ወዳለው ማግኔታዊ ሥርዓት ስለሚመራ ነው።

ኤሌክትሪክን ያለ እንቅፋት የማሳለፍ ባሕርይ ልዕለ አስተላላፊነት ይባላል። በተራ የመዳብ ሽቦ ውስጥ የሚጓዙ ኤሌክትሮኖች ከሚርገበገቡት አቶሞችና ከሽቦው ጉድለቶች ጋር እየተጋጩ ጉልበታቸውን በሙቀት መልክ ያባክናሉ፤ በልዕለ አስተላላፊ ቁስ ውስጥ ግን ይህ ብክነት ፈጽሞ ይጠፋል፣ በአንድ ቀለበት ውስጥ የተለቀቀ የኤሌክትሪክ ጅረትም ምንጩ ከተቋረጠ በኋላ መዞሩን ይቀጥላል። ክሥተቱን በሆላንድ ላይደን ከተማ ሄይከ ካመርሊንክ ኦነስ በ1911 ያገኙት፣ ሜርኩሪ ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ሲደርስ የኤሌክትሪክ እንቅፋቱ በድንገት ሲጠፋ በማየት ነበር (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በሆስፒታሎች የሚያገለግሉት የኤምአርአይ መሣሪያዎች አብዛኞቹ በልዕለ አስተላላፊ ሽቦ ጥቅል የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ሽቦው ባሕርዩን እንዳያጣ በፈሳሽ ሂሊየም መቀዝቀዝ ስላለበትና ሂሊየም ደግሞ ውድና አቅርቦቱ የሚዋዥቅ ጋዝ በመሆኑ፣ በአነስተኛ ቅዝቃዜ የሚሠራ ልዕለ አስተላላፊ ማግኘት የሕክምናንም የኤሌክትሪክ ማስተላለፍንም ወጪ የሚነካ ጉዳይ ነው። አየር ተጨምቆና ቀዝቅዞ በቀላሉ የሚገኘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ስለሚፈላ፣ ተመራማሪዎች ይህን ቁጥር እንደ ትልቅ ደፍ ይቆጥሩታል፤ ከዚህ ደፍ በላይ የሚሠራ ቁስ ሂሊየም አያስፈልገውም።

ማግኔትና ልዕለ አስተላላፊነት ለረጅም ጊዜ እንደ ጠላት ሲታዩ የኖሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1933 ማይስነርና ኦክሰንፌልድ የተባሉት ጀርመናውያን ልዕለ አስተላላፊ ቁስ መግነጢሳዊ መስክን ከውስጡ ገፍቶ እንደሚያስወጣ አሳዩ፤ መስኩ ከበረታም ባሕርዩ ራሱ ይጠፋል። በ1957 ባርዲን፣ ኩፐርና ሽሪፈር ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ ምክንያቱን ግልጽ አደረገው። እያንዳንዱ ኤሌክትሮን ስፒን የሚባል የተፈጥሮ ባሕርይ አለው፤ በዚህም የተነሣ የራሱ ሰሜንና ደቡብ ያለው እጅግ ትንሽ ማግኔት ይሆናል። በልዕለ አስተላላፊ ቁስ ውስጥ ኤሌክትሮኖች ስፒናቸው ተቃራኒ ሆኖ ጥንድ ጥንድ እየሆኑ ይጓዛሉ፤ በቁሱ ውስጥ የተሰነገ ማግኔታዊ አቶም ግን ከጥንዶቹ አንዱን ወደ ራሱ አቅጣጫ ለማዞር ስለሚሻ ጥንዱን ይፈታዋል። ጥቂት ማግኔታዊ ባዕድ አቶሞች በአንድ ልዕለ አስተላላፊ ብረት ውስጥ ሲጨመሩ ባሕርዩ መጥፋቱ በተደጋጋሚ ስለታየ፣ አዲስ ልዕለ አስተላላፊ የሚፈልግ ሰው ከማግኔታዊ ንጥረ ነገሮች እንዲርቅ የሚመክር ልማድ በመስኩ ሰፍኖ ነበር።

ልማዱን የሻረው የመዳብ ኦክሳይዶች መገኘት ነው። በ1986 ቤድኖርዝና ሙለር የተባሉት ሊቃውንት በዙሪክ አቅራቢያ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ፣ ላንታነም፣ ባሪየምና መዳብ ያሉበት ኦክሳይድ ከዚያ በፊት ከታወቁት ሁሉ ከፍ ባለ ሙቀት ልዕለ አስተላላፊ እንደሚሆን አገኙ፤ በዓመቱ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ወዲያው ሌሎች ተመራማሪዎች ኢትሪየም ባለበት ሌላ የመዳብ ኦክሳይድ የፈሳሽ ናይትሮጅንን ደፍ ተሻገሩ። የሚያስገርመው ግን የእነዚህ ውሁዶች ወላጅ፣ ማለትም ባዕድ አቶም ሳይጨመርበት በፊት ያለው ንጹሕ ቁስ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍና ጽኑ ማግኔታዊ ሥርዓት ያለው ሆኖ መገኘቱ ነው። ሥርዓቱ ግን የተለመደው ዓይነት አይደለም። በየዓመቱ በጥር ወር በእንጅባራ የሚሰለፉትን የአገው ፈረሰኞች በሐሳብ ማስቀመጥ ልዩነቱን ያሳያል፦ ፈረሶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ መልሰው ቢቆሙ የተራው ማግኔት ሰልፍ ይሆናል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አጠገቡ ያለው ወደ ምዕራብ እያየ ረድፉ በዚሁ ተራ ቢቀጥል ግን ሰልፉ ፍጹም ሥርዓት እያለው በጥቅሉ የሚያመለክተው አንድ አቅጣጫ አይኖረውም። ይህ ሁለተኛው አንቲፌሮማግኔታዊ ሥርዓት ይባላል፤ የትንንሾቹ ማግኔቶች ኃይል እርስ በርሱ ስለሚጣፋ ቁሱ መርፌ እንኳ አይስብም፣ በዚህም ምክንያት ፈረንሳዊው ሉዊ ኔል በ1930ዎቹ በንድፈ ሐሳብ እስኪገልጹትና በኋላም በኒውትሮን ጨረር እስኪረጋገጥ ድረስ ሳይታወቅ ኖሯል።

በመዳብ ኦክሳይዶች ይህ ተቃራኒ ሰልፍ ባዕድ አቶም በመጨመር ሲላላ ልዕለ አስተላላፊነት በቦታው ይወለዳል። ሰልፉ ይፈርሳል እንጂ ሰልፉን የፈጠረው በጎረቤታሞች መካከል ያለው መጎታተት አይጠፋም፤ ብዙ የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት ኤሌክትሮኖቹን በጥንድ የሚያስተሳስረው ይኸው መጎታተት ነው ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት እውነት ከሆነ፣ ከመዳብ ሌላ ተመሳሳይ አቀማመጥ ያለው ንጥረ ነገርም ተመሳሳይ ውጤት መስጠት አለበት። ለዚህ ፈተና የመጀመሪያው እጩ ኒኬል ነበር፤ በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ የመዳብ የቅርብ ጎረቤት ሲሆን፣ መዳብ 29 ኤሌክትሮኖች ሲኖሩት ኒኬል 28 አሉት።

ኒኬል ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ብረት አይደለም። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የወጡት የ10፣ የ25 እና የ50 መቶኛ ሳንቲሞች ከኒኬል የተሠሩ ነበሩ፤ በአዶላ አካባቢም የኒኬል ክምችት መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። ንጹሕ ኒኬል እንደ ብረት ሁሉ በማግኔት የሚሳብ ነው። ከኦክስጅን ጋር ሲዋሐድ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ በሁለት የኒኬል አቶሞች መካከል የተቀመጠው ኦክስጅን የአንዱን ስፒን መልእክት ለሌላው ሲያደርስ አቅጣጫውን ገልብጦ ስለሆነ፣ አብዛኞቹ የኒኬል ኦክሳይዶች ተቃራኒ ሰልፍ ይይዛሉ። በ1999 አኒሲሞቭ፣ ቡክቫሎቭና ራይስ ኒኬል በትክክለኛው የኤሌክትሮን ቁጥርና በጠፍጣፋ ንጣፍ ከተቀመጠ የመዳብ ኦክሳይዶችን ባሕርይ ሊያሳይ እንደሚችል በስሌት አመለከቱ። ስሌቱ በተግባር እስኪረጋገጥ 20 ዓመት ወሰደ።

በነሐሴ 2019 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዳንፌንግ ሊና ሃሮልድ ሁዋንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ኒዮዲሚየም፣ ስትሮንቲየምና ኒኬል ያሉበት ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ከዜሮ በታች 258 ዲግሪ አካባቢ ልዕለ አስተላላፊ መሆኑን አሳወቁ። የአሠራሩ ብልሃት በኦክስጅኑ ላይ ነው፦ በመጀመሪያ እያንዳንዱ ኒኬል በስድስት ኦክስጅኖች የተከበበበት ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ ካልሲየም ሃይድራይድ ከተባለ ውሁድ ጋር ታሽጎ ሲሞቅ ከላይና ከታች ያሉት ኦክስጅኖች ተመዝዘው ይወጣሉና ኒኬሉ በአራት ኦክስጅኖች መካከል በጠፍጣፋ ንጣፍ ላይ ይቀራል። ንጣፎቹ ያለ ማቋረጥ ስለሚደራረቡ ውሁዱ ወሰን የለሽ ንጣፍ የሚል ስያሜ አግኝቷል።

ከዚህ ግኝት በኋላ የተነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ማግኔታዊ ሥርዓቱ የት አለ የሚል ነበር። የመዳቡ ወላጅ ያለው ሰፊና ጽኑ ተቃራኒ ሰልፍ በዚህ ኒኬሌት አልተገኘም። በ2021 ግን ጉልበቱ በጥንቃቄ የተመረጠ ኤክስሬይ በሽፋኑ ላይ አሳርፈው የተመለሰውን ጨረር የመዘኑ ተመራማሪዎች፣ ስፒኖቹ በሰልፍ ባይጸኑም እርስ በርስ በብርቱ እንደሚጎታተቱና የአንዱ መነቃነቅ ወደ ሌላው በሞገድ መልክ እንደሚተላለፍ አሳዩ፤ የመጎታተቱ ኃይልም በመዳብ ኦክሳይዶች ከሚታየው ግማሽ ያህል ሆኖ ተገኘ። በ2022 ደግሞ ሙዮን በተባለ ቅንጣት የተደረገ ምርመራ በልዕለ አስተላላፊው ሽፋን ውስጥም ማግኔታዊነት አብሮ መኖሩን አረጋገጠ። ሰልፉ ባይጸናም ሰልፉን የሚሠራው መጎታተት ሕያው ነው ማለት ነው፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ከ2019ኙ ግኝት ያልተናነሰ ክብደት ያለው ይህ ውጤት ነው።

በሐምሌ 2023 ጉዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። በቻይና ጓንግዡ ከተማ የሚገኘው የሱን ያት ሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሦስት ላንታነም፣ ሁለት ኒኬልና ሰባት ኦክስጅን ያሉበት ክሪስታል በከፍተኛ ግፊት ሲጨመቅ ከዜሮ በታች 193 ዲግሪ አካባቢ ልዕለ አስተላላፊ እንደሚሆን አሳተሙ። ይህ ከፈሳሽ ናይትሮጅን ደፍ ጥቂት የሚያልፍ ነው። ግፊቱ ግን 14 ጊጋፓስካል፣ ማለትም ከምንኖርበት የአየር ግፊት 140,000 እጥፍ ገደማ ሲሆን፣ የሚገኘውም በሁለት የአልማዝ ጫፎች መካከል ከአሸዋ ቅንጣት የማይበልጥ ናሙና በመጨመቅ ነው። በዚህ ክሪስታል ኒኬል የያዙ ሁለት ንጣፎች ጥንድ ሆነው በቅርብ ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸውም ኦክስጅን እንደ ድልድይ ያገናኛቸዋል። በተለመደው ግፊት ድልድዩ ጎበጥ ብሎ በ168 ዲግሪ ማዕዘን ሲቆም፣ በከፍተኛ ግፊት ቀጥ ብሎ 180 ዲግሪ ይደርሳል። በ2019ኙ ኒኬሌት ተመዝዞ የወጣው የላይና የታች ኦክስጅን በዚህኛው ዋናውን ሥራ መሥራቱ፣ ሁለቱ ውሁዶች ስም ቢጋሩም በባሕርይ እንደሚለያዩ ያመለክታል።

ታዲያ ይህ ባለ ጥንድ ንጣፍ ክሪስታል ሳይጨመቅ ምን ዓይነት ማግኔታዊ ሥርዓት አለው? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን ለማግኘት አራት ዓይነት መሣሪያ አስፈልጓል፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱ ኒኬል ማግኔታዊ ኃይል ደካማ ነው፣ ክሪስታሎቹም ትንንሽና ጉድለት የበዛባቸው ናቸው። አንደኛው መሣሪያ ከላይ የተጠቀሰው ሙዮን ነው። ሙዮን የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ ሲሆን፣ በቁስ ውስጥ ገብቶ ሲያርፍ በዙሪያው ያለውን መግነጢሳዊ መስክ ተከትሎ ስፒኑ ይዞራል፤ በአማካይ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ሁለት እጅ ያህል ኖሮ ሲፈርስም የሚወረውረው ቅንጣት አቅጣጫ ስፒኑ ወዴት እንደዞረ ይናገራል። በዚህ መንገድ የተደረጉ ልኬቶች ክሪስታሉ ከዜሮ በታች 123 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በውስጡ የጸና ማግኔታዊ ሥርዓት እንደሚነሣ አሳዩ። የላንታነምን አስኳል እንደ ሰላይ የተጠቀመው የአስኳል ማግኔታዊ ድምፀት ምርመራም በዚያው ሙቀት አካባቢ ለውጥ አገኘ።

የሰልፉን መልክ የገለጠው ግን የኤክስሬይ ምርመራ ነው። ስፒኖቹ እንደ መዳቡ አንድ ወደ ላይ፣ አንድ ወደ ታች እየተፈራረቁ አይቆሙም፤ ሥርዓቱ በንጣፉ ሰያፍ አቅጣጫ እየሄደ በየአራት ረድፉ የሚደገም ነው። ይህ ድግግሞሽ በሁለት ዓይነት ሊነበብ ይችላል፦ አንደኛው ሁለት ረድፎች ወደ ላይ፣ ሁለት ረድፎች ወደ ታች የሚሉት ሲሆን፣ ሌላው አንድ ረድፍ ወደ ላይ፣ ቀጣዩ ማግኔትነት የሌለው፣ ከዚያ አንድ ረድፍ ወደ ታች፣ ቀጣዩ እንደገና ባዶ የሆነ ነው። በፈረሰኞቹ ሰልፍ ቢገለጽ፣ የመጀመሪያው ሁለት ፈረስ ወደ ምሥራቅ፣ ሁለት ወደ ምዕራብ እንደማሰለፍ፣ ሁለተኛው ደግሞ በየመካከሉ አንድ ቦታ ባዶ እንደመተው ነው። ማግኔትነቱ ከቦታ ቦታ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚልበት እንዲህ ያለ ሥርዓት የስፒን እፍግታ ሞገድ ይባላል። ከሁለቱ ንባቦች ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ዛሬም ክርክር አለ፤ ክርክሩ ከንቱ አይደለም፣ ምክንያቱም ሁለተኛው ንባብ እውነት ከሆነ ኤሌክትሮኖቹ ራሳቸው በአንዳንድ ረድፎች በዝተው በሌሎቹ ሳስተው ይገኛሉ ማለት ነው፣ ይህም የተለየ ንድፈ ሐሳብ ይፈልጋል።

በኤክስሬይና በኒውትሮን የተደረጉት ልኬቶች አንድ ተጨማሪ ጉዳይ ላይ ተስማምተዋል፦ በዚህ ክሪስታል ብርቱው መጎታተት በአንድ ንጣፍ ላይ ባሉት ጎረቤቶች መካከል ሳይሆን፣ ከላይኛው ንጣፍ ወደ ታችኛው በኦክስጅን ድልድይ የሚሻገረው ነው። ከአንዱ ንጣፍ ያለው ኒኬል ወደ ላይ ካየ ፊት ለፊቱ ያለው ወደ ታች ያያል፤ ይህ ቁርኝት በንጣፉ ውስጥ ካለው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። በመዳብ ኦክሳይዶች ነገሩ ተቃራኒ ሲሆን፣ ኃይሉ ያለው በንጣፉ ውስጥ ነው። ስለዚህም ብዙ የንድፈ ሐሳብ ሊቃውንት በዚህ ኒኬሌት ኤሌክትሮኖች ጥንድ የሚሆኑት በሁለቱ ንጣፎች መካከል ተሻግረው ሊሆን ይችላል ይላሉ፤ ግፊቱ ድልድዩን ቀጥ ሲያደርገው ልዕለ አስተላላፊነት መታየቱም ለዚህ ሐሳብ ድጋፍ ይሰጣል።

ግፊት በሰልፉ ላይ የሚያደርሰው ለውጥ ግን የተጠበቀውን አልሆነም። ልዕለ አስተላላፊነት የሚነሣው ሰልፉ ሲላላ ከሆነ፣ ግፊት ሲጨምር ሰልፉ መድከም ነበረበት። በስዊዘርላንድ በሚገኘው የፖል ሸረር ተቋም ሩስተም ካሳኖቭና ባልደረቦቻቸው በሙዮን ያካሄዱት ጥናት ግን፣ ግፊቱ ገና ዝቅተኛ በሆነበት ክልል ስፒኖቹ የሚሰለፉበት ሙቀት ከፍ እያለ እንደሚሄድ፣ ከእርሱ ተለይቶ የሚታየው የኤሌክትሮኖች መጠጋጋት ሞገድ ግን ወደ ዝቅተኛ ሙቀት እንደሚወርድ አሳየ። ሁለቱ ሥርዓቶች አንድ ናቸው ተብሎ ይገመት የነበረው በዚህ ተናግቷል። ከዚያ ዝቅተኛ ክልል እስከ 14 ጊጋፓስካል ባለው ርቀት ውስጥ ማግኔታዊው ሰልፍ ቦታውን ለልዕለ አስተላላፊነት የሚለቅበትን ሂደት በዝርዝር መከተል ዛሬ ከመስኩ ዋና ሥራዎች አንዱ ነው።

ቤተሰቡ በሁለት ንጣፍ አያበቃም። ሩድልስደንና ፖፐር የተባሉት ተመራማሪዎች በ1950ዎቹ በገለጹት የአነባበር ሕግ፣ ነጠላ፣ ጥንድ፣ ሦስትና ከዚያም በላይ ንጣፍ ያላቸው ውሁዶች ይገኛሉ። ባለ ሦስት ንጣፉ ኒኬሌት በ2024 በከፍተኛ ግፊት ከዜሮ በታች 243 ዲግሪ ገደማ ልዕለ አስተላላፊ ሆኖ ተገኝቷል፤ ማግኔታዊ ሥርዓቱም ለብቻው የሚደነቅ ነው፣ ከላይና ከታች ያሉት ንጣፎች እርስ በርስ ተቃራኒ ሆነው ሲሰለፉ መካከለኛው ንጣፍ ማግኔትነት ሳይኖረው ይቀራልና። ይባስ ብሎም ባለ ጥንድ ንጣፍ የተባለው ክሪስታል ራሱ፣ የኬሚካል ቀመሩ ሳይለወጥ፣ ነጠላና ሦስት ንጣፍ እየተፈራረቁ የሚነባበሩበት ሌላ መልክ እንዳለው ተደርሶበታል። በአንድ ናሙና ውስጥ ሁለቱ መልኮች ተቀላቅለው ሲገኙ፣ ወይም ጥቂት ኦክስጅን ሲጎድል፣ የሚለካው ሥርዓት የየትኛው እንደሆነ መለየት ከባድ ነው፤ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች ውጤት መካከል ለሚታየው አለመስማማት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

በ2024 መጨረሻ ላይ ደግሞ የስታንፎርድ ቡድን የአልማዝ መጭመቂያውን የሚያስቀር መንገድ አሳየ። ባለ ጥንድ ንጣፉን ኒኬሌት በአቶሞቹ መካከል ያለው ርቀት አነስ ባለ ሌላ ክሪስታል ላይ በስስ ሽፋን መልክ ሲያሳድጉት፣ ሽፋኑ ከሥሩ ካለው ጋር ለመገጣጠም ሲል በጎን ይጨመቃል፤ በዚህ ሁኔታ ያለ ምንም የውጭ ግፊት ከዜሮ በታች 231 ዲግሪ ገደማ ላይ የልዕለ አስተላላፊነት ጅማሬ ታየ። ብዙም ሳይቆይ የቻይና ተመራማሪዎች በተመሳሳይ ሽፋን ተቀራራቢ ውጤት አገኙ። በአልማዝ መካከል የታሸገን ናሙና ኒውትሮንና ዝቅተኛ ጉልበት ያለው ኤክስሬይ በቀላሉ አይደርሱትም ነበር፤ ሽፋኑ ግን በገሃድ ስለሚቀመጥ፣ ማግኔታዊ ሥርዓትንና ልዕለ አስተላላፊነትን በአንድ ናሙና ላይ ጎን ለጎን የመመርመር በር ተከፍቷል።

ይህ ሁሉ ከኢትዮጵያ የራቀ ሊመስል ይችላል፤ ግን አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ታዛቢ ጣቢያ በ1957 እና 1958 ከተከናወነው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ጋር ተያይዞ ሥራ ሲጀምር፣ አንዱ ምክንያት ከተማዋ ለመሬት መግነጢስ ወገብ ቅርብ መሆኗ ነበር፤ ማግኔትን በትዕግሥት የመለካት ባህል በአገሪቱ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው ማለት ነው። በአዲስ አበባ ተወልደው በአሜሪካ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በኦክሳይዶችና በሌሎች ጠጣር ቁሶች ውስጥ አዮኖች እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ በማጥናት፣ በተለይም ለነዳጅ ሴል በሚሆኑ ቁሶች ዓለም አቀፍ ዝና ያተረፉ ናቸው፤ ንብርብር ኒኬሌቶችም በነዳጅ ሴል ኤሌክትሮድነት ሲጠኑ የቆዩ ውሁዶች ሲሆኑ፣ የኦክስጅን መጉደልና መብዛት በሁለቱም መስኮች ዋናው ጥያቄ ነው። በአገር ውስጥም በአዲስ አበባና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ክፍሎች፣ ልዕለ አስተላላፊነትና ማግኔታዊ ሥርዓት በአንድ ቁስ ውስጥ አብረው እንዴት እንደሚኖሩ በሒሳብ የሚመረምሩ ጥናቶች ሲሠሩ ቆይተዋል።

ለሙከራው የሚያስፈልገው ታላቅ መሣሪያ ግን በአገሪቱ የለም። ብርቱ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ሲንክሮትሮን በመላው አፍሪካ አንድም አልተሠራም፤ የቅርቡ በ2017 የተመረቀው የዮርዳኖሱ ሴሳሚ ነው። የአፍሪካ የብርሃን ምንጭ በሚል ስም የተጀመረው የሊቃውንት ንቅናቄ መንግሥታትን እያግባባ ቢሆንም፣ እስኪሳካ መጠበቅ አያስፈልግም። ኒኬሌቶች የገጠሟቸው ትልልቆቹ ጥያቄዎች፣ ለምሳሌ በሁለት ወደ ላይ ሁለት ወደ ታች እና በባዶ ረድፍ ንባቦች መካከል ያለው ምርጫ፣ በስሌትም የሚፈተኑ ናቸው፤ ለዚህ የሚያገለግለው ኳንተም ኤስፕሬሶ የተባለው ፕሮግራም በጣሊያን ትሪየስተ ከተማ ካሉ የምርምር ተቋማት ጋር የተያያዘና ለማንም በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ በዚያችው ከተማ አብዱስ ሳላም በ1964 ያቋቋሙት የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ማዕከልም ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ፊዚሲስቶች ሥልጠና ይሰጣል።

ስለዚህ የእንጅባራ፣ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስ ክፍሎች ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎቻቸው የመመረቂያ ርዕስ ሲመርጡ፣ ከ30 እና ከ40 ዓመት በፊት የተዘጉ ጥያቄዎችን ከማስደገም ይልቅ፣ ገና ክፍት የሆነውን የኒኬሌቶች ማግኔታዊ ሥርዓት ቢሰጧቸው፣ ለዚህም የሚሆን መጠነኛ የኮምፒዩተር ማዕከልና የማይቋረጥ ኤሌክትሪክ ቢያዘጋጁላቸው፣ ተማሪዎቹ በዓለም ላይ በሚካሄደው ክርክር ውስጥ በራሳቸው ስሌት መሳተፍ ይችላሉ።